የባልና ሚስት ቁጠባ፦ በጋራ ሒሳብ ወይስ በየግል?

ቃሊቲና አያት አካባቢ ሱቅ ወይም ብሎኬት ማምረቻ ያላቸው ጥንዶች ደጋግመው የሚጠይቁት አለ፦ "ባሌ ዕዳ ቢፈረድበት የጋራ ሒሳባችን ይታገዳል?" አዎ፣ ሊታገድ ይችላል።

በምቾት የጋራው ይበልጣል። በተናጠል ፊርማ ከተከፈተ አንዱ ቢታመም ሌላው ያወጣል። በየግል ሲሆን እያንዳንዱ ወጪ ድርድር ነው።

አደጋው ላይ ግን ረጋ እንበል።

የጋራ፦ የፍርድ ባለመብቱ (ፍርድ ቤት ዕዳው እንዲከፈለው የወሰነለት ሰው) የአፈጻጸም ፋይል፣ ማለትም ፍርዱ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅበትን መዝገብ፣ ከፍቶ ባንኮች የባለዕዳውን ሒሳብ አጣርተው እንዲያሳውቁ ያስደርጋል። ስሙ ከተገኘ የእግድ ትእዛዝ ይከተላል። ሚስት ካርዷን ኤቲኤም ውስጥ ትከታለች፤ ብር የለም። "የኔ ነው" ካለች በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 418 መቃወሚያ ታቀርባለች። ያለ ማስረጃ ግን መከራ ነው፤ ደረሰኝ የሚጥል ሰው እዚህ ጋ ይጎዳል።

የየግል፦ በባል ስም የወጣ እግድ የሚስትን ሒሳብ ወዲያው አይነካም። ሙሉ ከለላ ግን አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በትዳር ውስጥ የተገኘን ገቢ የጋራ ይለዋል፣ በማንም ስም ይቀመጥ። የአንዱ ዕዳ መጀመሪያ ከግል ንብረቱ፣ ከሌለ ከጋራው ይከፈላል። ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም ነው።

ሁለታችሁም ደሞዝተኛ ሆናችሁ ዕዳ ከሌለባችሁ፣ የጋራው ይሻላል። አንዳችሁ በዱቤ የምትነግዱ ወይም ለሰው ዋስ የምትሆኑ ከሆነ፣ የየግል። የውርስ ወይም ከጋብቻ በፊት የነበረ ብር ካለ በየትኛውም ሁኔታ ለብቻው ይቀመጥ፣ ሰነዱም አይጥፋ።