ነፋስ ሲበረታ ሸራ መቀነሻ፦ የሚታሰረው ወይስ የሚጠቀለለው?

ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ የገዛ ወዳጅ ሁሉ ውሎ አድሮ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ «ሸራ መቀነሻ የትኛውን ልግጠም?» መልሱን ላስቀድም። ከ8 ሜትር ለማይበልጥ ጀልባ፣ ለዋናው ሸራ በገመድ ዝቅ ተደርጎ የሚታሰረው በቂ ነው። በምሰሶ ውስጥ የሚጠቀለለው ምቾት ነው፤ ያውም ውድ ምቾት።

ነፋስ ከ10 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ ነው) ወደ 14 ኖት ሲያድግ ሸራው ላይ የሚያርፈው ጫና እጥፍ ይሆናል፤ ጫናው የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። ስለዚህ ዕቃው የሚመዘነው ወደብ ላይ በማማሩ ሳይሆን፣ ጀልባው አጋድሎ እጅ በረጠበ ሰዓት እምቢ ባለማለቱ ነው።

በምሰሶ ውስጥ ለሚጠቀለለው ሻጩ አንድ ዋጋ ይጠራላችኋል፤ አትመኑት። አዲስ ምሰሶ አለ። አሮጌው ሸራ ስለማይሆንለት አዲስ ሸራ አለ። መጠቅለያና መፍቻ ገመድ፣ ፑሊዎች፣ የገጣሚው የእጅ ዋጋ አለ። ለአሮጌ ጀልባ ድምሩ ከራሱ ከጀልባው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ያን ሁሉ ከፍላችሁ የምታገኙት ደግሞ ያነሰ ሸራ ነው፤ የሸራውን ጠርዝ ወጥሮ የሚይዘው ቀጭን አግዳሚ ዘንግ ስለማይገባበት የኋላ ጠርዙ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ተደርጎ ይቆረጣል። ትልቁ ጣጣ ሸራው ሲያረጅ ይመጣል። የላላ ጨርቅ ሲጠቀለል ይጨማደድና የምሰሶው ስንጥቅ ላይ ይወተፋል። ያኔ አይወጣም፣ አይገባም፣ ማውረድም አይቻልም።

በአሮጌ ጀልባዎች ላይ ቡሙን፣ ማለትም የዋናውን ሸራ የታች ጠርዝ የሚይዘውን ግንድ፣ ራሱን እያዞሩ የሚጠቀልሉበትም አለ። «ኦሪጅናል ነው» ብለው ዋጋ ቢጨምሩበት አትስሙ። በምሰሶው በኩል ጥቅሉ ስለሚወፍር የቡሙ ጫፍ ይዘቀዝቃል፣ ሸራውም ይነፋል።

የሚታሰረው ለአንድ እርከን፣ ማለትም ሸራውን አንድ ደረጃ ለመቀነስ፣ የሚፈልገው ይህን ነው፦ በሸራው የፊትና የኋላ ጠርዝ አንዳንድ የተጠናከረ ቀለበት፣ ቡሙ ከምሰሶው በሚጋጠምበት መንጠቆ፣ በቡሙ ጫፍ በኩል ፑሊ፣ የገመድ መያዣና ገመድ። ገመዱን በግምት አትግዙ። ከቡሙ እስከ ኋላው ቀለበት ያለውን ከፍታ በሁለት አባዙ፤ የቡሙን ርዝመትና ለእጅ 1.5 ሜትር ጨምሩ። ቀለበቱ 1.2 ሜትር ላይ፣ ቡሙ 3 ሜትር ቢሆን 6.9 ሜትር ይበቃል። 8 ሚሊሜትር ፖሊስተር ይሁን፤ ናይለን ይለጠጣል።

አሠራሩ፦ የሸራውን መሳቢያ ገመድ ልቀቁ፤ ቡሙን ወደ ታች የሚይዘውንም አላሉ። ቡሙን ከላይ የሚደግፈውን ወጥሩ። መስቀያውን ገመድ አውርዳችሁ የፊቱን ቀለበት መንጠቆው ላይ አግቡ፤ ከዚያ መስቀያውን ጠርዙ እንደ ክር ቀጥ እስኪል መልሳችሁ ወጥሩ። የኋላው ገመድ የሚሳበው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀለበቱ ቡሙ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ፑሊው ከቀለበቱ ማረፊያ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን፤ ልክ ከሥሩ ከሆነ ገመዱ ወደ ኋላ አይስብም፣ የሸራው ሆድ እንደ ከረጢት ይነፋል። መሃል ላይ ያሉት ትንንሽ ማሰሪያዎች የተረፈውን ጨርቅ ለመሰብሰብ ብቻ ናቸው። ላላ ብለው ይታሰሩ፤ ሸራው ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ የሚፈቱት እነሱ ናቸው። አንዷ ከተረሳች ሸራው በእሷ በኩል ይቀደዳል።

ሁለቱንም ቀለበት በአንድ ገመድ የሚስበው ዓይነት ይማርካል፤ ከመቀመጫ ሳይነሱ ይሠራልና። ግን ገመዱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ሰበቃውን የሚችሉ ጥሩ ፑሊዎችም ይፈልጋል። በርካሽ ፑሊ ከገጠማችሁት ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ኮፒ ዕቃ ላይ ዓይናችሁ ይብራ። በመዶሻ የተመታ ቀለበት ከነጨርቁ ተነቅሎ ይወጣል፤ በፕሬስ የተጫነ ወይም በእጅ ተሰፍቶ የገባ፣ ዙሪያው በድርብርብ ጨርቅ የተደገፈ ምረጡ። «ስቴንለስ» የተባለውን ብሎን በማግኔት ሞክሩት፤ ጥርቅም አድርጎ ከያዘው ተዉት። ባይዘውም ግን 304 የተባለው የስቴንለስ ዓይነት ይሁን 316 ማግኔት አይነግራችሁም፤ ለጨው ውሃ የሚሻለው 316 ነው። ደህናው ስቴንለስም ቢሆን አልሙኒየም ቡም ላይ በደረቁ ከገባ፣ በጨው ውሃ አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፣ ብሎኑም ይነክሳል። ልፍታህ ሲሉት አናቱ ይቆረጣል። ሁለቱን ብረቶች የሚለይ ፓስታ ቀብታችሁ አስገቡት፤ ከአዲስ ቡም እጅግ ይረክሳል።

የፊቱ ሸራ ላይ ግን እጄን እሰጣለሁ። ባሕረኞች ጂብ ይሉታል፤ ከጅቡ ጋር ዝምድና የለውም። ማዕበል ውስጥ ወደ ጀልባው አፍንጫ ሄዶ ሸራ መቀየር አደገኛ ስለሆነ፣ እዚያ መጠቅለያ ዋጋውን ያወጣል። ዋጋው ላይ ሸራውን ለመጠቅለያው አስተካክሎ ማሰፋትንና ከፀሐይ የሚከላከለውን ጠርዝ ጨምራችሁ አስሉ። ከሲሶው በላይ ከጠቀለላችሁት ቅርጹ ይበላሻል። ከላይ ያለው ተሽከርካሪ በነፃ መዞር አለበት፤ መስቀያው ገመድም ሸራው ከሚጠቀለልበት የፊት ሽቦ ጥቂት ዲግሪ ፈንጠር ብሎ ካልወጣ ሽቦው ላይ ይጠመጠምና መጠቅለያው ይቆለፋል። መጠቅለያውን ለማዞር ከሥሩ ባለው ከበሮ ላይ የሚጠመጠመውን ገመድ በልኩ አታስቆርጡ። በብርቱ ነፋስ ሸራው ጠብቆ ስለሚጠቀለል ተጨማሪ ዙር ይፈልጋል፤ ጸጥ ባለ ቀን ሙሉ በሙሉ ተጠቅልሎ ከበሮው ላይ አራት አምስት ዙር ካልተረፈ፣ በነፋስ ቀን ገመዱ አልቆ የሸራው ጫፍ ክፍት ይቀራል።