የኤሌክትሪክ ተራራ ብስክሌት አፕዴት፦ እቤት ወይስ ወኪል ዘንድ?

ከደብረ ብርሃንም ከደብረ ሲናም ከመሐል ሜዳም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ብስክሌቱ አፕዴት አድርግ እያለኝ ነው፤ እዚሁ ልሥራው ወይስ አዲስ አበባ ልውሰደው?» ሞተሩ አፕዴት በብሉቱዝ የሚቀበል ከሆነ እቤት ይሠራ። የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሊታሰብበት የሚገባው ገና ሳይገዛ፣ ዋጋ ሲቆረጥ ነበር። ወኪል ዘንድ መሄድ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሰው እንደሚፈራው ግን ብዙ አይደለም።

ከገንዘቡ እንነሳ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደብረ ሲና 190 ገደማ። ብስክሌት ይዞ የሚሄድ ሰው ለራሱ ደርሶ መልስ ይከፍላል። ለብስክሌቱም ደርሶ መልስ የጭነት ይከፍላል፤ ይህን ረዳቱ በዓይኑ መዝኖ ስለሚቆርጠው ፖርቶ መጋላ ላይ ከመውጣቱ በፊት ተነጋገሩ። ከላምበረት መናኸሪያ እስከ ሱቁ ሌላ መኪና አለ። ሥራው በዕለቱ ካላለቀ አልጋና እራት ይጨመራል፣ ሁለት የሥራ ቀንም ይቃጠላል። የባለሙያው ክፍያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብስክሌቱን እየነዳ ሱቅ የሚደርስ ሰው ለዚህ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዩሮ ይከፍላል፤ እሱ ይወደዳል ብሎ የሚያማርረው በዚህ ነው። የእኛ ሰው ግን ከሶፍትዌሩ በላይ መንገዱን ነው የሚከፍለው።

እቤት ሲሠራ የሚወጣው የሞባይል ዳታና መብራት ነው። የ1 ጊጋባይት ጥቅል አፑንም ፋይሉንም አውርዶ ይተርፋል። 625 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ተነስቶ ቢሞላ እንኳ የሚበላው መብራት ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው።

መንገዱ የራሱ ጉዳት አለው። ጣሪያ ላይ ተጋድሞ የተጫነ ብስክሌት የፍሬን ዲስኩ ተጣሞ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ሊደርስ ይችላል። መሄድ ግድ ከሆነ ስክሪኑንና ባትሪውን ነቅላችሁ ከእናንተ ጋር አስገቡ፣ የባትሪውን ሶኬት በላስቲክ ሸፍኑ፣ ብስክሌቱ በማርሹ ጎን እንዳይተኛ አድርጉ።

«ወንድሜ ውጭ አገር ስላለ ባትሪውን ልላክለትና ወኪሉ ይየው» የሚል ሐሳብም ይነሳል። አይሆንም። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ያለው ሊቲየም ባትሪ የሚያልፈው በአየር መንገዱ ፈቃድ ነው፤ ከ160 በላይ የሆነው ጨርሶ አያልፍም። የተራራ ብስክሌት ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 750 ነው።

አሁን ወደ ሞተሮቹ። ቦሽ ሁለት ዓይነት ነው፣ ያገለገለ ሲሸጥም ሁለቱ ይደባለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ስማርት ሲስተም» ፍሎው በሚባለው አፕ ከስልክ አፕዴት ይቀበላል። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ያለ ቁጥር ፑሪዮን ወይም ኢንቱቪያ ብቻ የሚባለው ስክሪን ያለበት፣ የሞተሩ ሶፍትዌር የሚነካው በወኪሉ የምርመራ ፕሮግራምና ኬብል ብቻ ነው። ሻጩ ሁለቱንም «ቦሽ ነው» ብሎ በአንድ ዋጋ ሲጠራ አትቀበሉት። አሮጌው ሞተር መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በተበላሸ ቁጥር የአዲስ አበባ መንገድ ስለሚያስወጣችሁ ያ ወጪ ከዋጋው ይቀነስ።

የስልክ አፕዴት ጥቅሙ ጥገና ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌም ከቦሽ አለ። አምስተኛው ትውልድ ፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስ ሞተር ሲወጣ ጉልበቱ 85 ኒውተን ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በፍሎው አፕ በኩል በመጣ አፕዴት፣ የብስክሌቱ አምራች በፈቀደባቸው ላይ፣ እስከ 100 ከፍ ማለት ቻለ። ከሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ተነስቶ 3,000 ሜትር አልፎ ጣርማ በር ለሚወጣ ሰው ይህ ልዩነት ይታወቀዋል። ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፣ ሰንሰለቱም ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ጉልበቱን ለዳገቱ ብቻ ተጠቀሙበት።

ሺማኖ ከኢ8000 ጀምሮ፣ ኢፒ8ን ጨምሮ፣ ኢ-ቲዩብ ፕሮጀክት ሳይክሊስት በሚባለው አፕ ከስልክ ይሠራል። ስፔሻላይዝድ ሌቮ በሦስተኛው ትውልድ ከስልክ አፕዴት መቀበል ጀምሯል፤ ከዚያ በፊት ያሉት ወኪል ይፈልጋሉ። ባፋንግ ወደሚባለው ሞተር እመለስበታለሁ። ስም የሌለው የቻይና መቆጣጠሪያና ትንሽ ስክሪን ያለበት ብስክሌት ግን ብዙውን ጊዜ አፕዴት የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም። ያለው የስክሪኑ ማስተካከያ ብቻ ነው፦ ፒ03 የባትሪው ቮልት፣ ፒ06 የጎማው መጠን፣ ፒ08 የፍጥነት ገደብ። ይህን አምስት ደቂቃ ነካክቶ «ሶፍትዌር ጫንኩልህ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ። እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ 30 ቁጥር ከመጣ መገናኛው ተቋርጧል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የገባበት ወይም የላላ ሶኬት ነው። ነቅሎ፣ አድርቆ፣ ቀስቱን ከቀስት አግጥሞ መሰካት ይበቃዋል።

እቤት ሲሠራ ሰዓቱን ምረጡ። ደብረ ብርሃን በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በረንዳ ያደረ ባትሪ ጠዋት ላይ ቮልቱ ይወርዳል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊቲየም ባትሪ መሙላትማ ባትሪውን መግደል ነው። ባትሪው ቤት ውስጥ ይደር፣ ሥራው እኩለ ቀን ላይ ይሁን። ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሙላ፣ ስልኩም እንዲሁ፣ ከዚያ ቻርጀሩ ይነቀል። የመብራት መጥፋት ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ በብሉቱዝ ሲሠራ ግን ብስክሌቱም ስልኩም በየራሳቸው ባትሪ ስለሆኑ መብራት ቢሄድ የሚቋረጠው ዋይፋዩ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው በሞባይል ዳታ ሥሩት።

በስልኩ ላይ ሦስት ነገር ይስተካከል። ባትሪ ቆጣቢው ይጥፋ፤ ብዙ ርካሽ አንድሮይድ ስልኮች ስክሪኑ ሲጠፋ አፑን ይዘጉታል፣ በመሐል የሚቆም አፕዴት አንዱ ትልቁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሎኬሽን ይከፈት፤ በቆዩ አንድሮይዶች ላይ ያለሱ ብስክሌቱ በብሉቱዝ አይታይም። ስክሪኑ ራሱን የሚያጠፋበት ጊዜም ይርዘም። ከዚያ ስልኩ ከብስክሌቱ አንድ ክንድ ሳይርቅ ይቀመጥ፤ ማንም እንዳይደውል ሲሙን ማውጣት ሳይሆን «አትረብሹኝ» የሚለውን መክፈት ይበቃል።

ሺማኖ ሲገናኝ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ 000000 ነው። የቀድሞው ባለቤት ቀይሮት ከሆነ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ተቀበሉት። ስክሪኑ፣ ሞተሩ፣ ባትሪው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈርምዌር፣ ማለትም ውስጣቸው የተጫነ ሶፍትዌር፣ አላቸው፤ አንዱ አልቆ ቀጣዩ ሲጀምር ያለቀ መስሎ ይታያል። አፑ ሁሉም ተጠናቀቀ እስኪል ምንም አትንኩ። ብስክሌቱ ሲነሳ ማንም ኮርቻው ላይ አይሁን፤ እግር ፔዳል ላይ እያለ ከተነሳ የጉልበት ሴንሰሩ ዜሮውን ያጣና ስክሪኑ ደብሊው 013 (W013) የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያል። እግር አንስቶ፣ አጥፍቶ መክፈት ያድነዋል። ኢ 013 (E013) ካለ ግን ሌላ ነው፦ የሞተሩ ፈርምዌር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ቦሽ ፍሎው ላይ ፋይሉ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ በብሉቱዝ ወደ ብስክሌቱ ይተላለፋል፣ በመጨረሻ ይጫናል። ማስተላለፉ ከሁሉም ረጅሙ ነው። ብስክሌቱ ዝም ብሎ ከቆመ 10 ደቂቃ ገደማ ላይ ራሱን ያጠፋል፤ አልፎ አልፎ አንድ ቁልፍ ጫን አድርጉ። ሲጫን መቆጣጠሪያው ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያኔ ባትሪ መንቀል የለም።

አፕዴት ከመጀመሩ በፊት ሊወጡ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የፍጥነት ገደብ የሚያነሳ ቺፕ ከተገጠመ ይውጣ፤ አዲስ ሶፍትዌር ይይዘዋል። ቦሽ ላይ 504 የሚለው የስህተት ቁጥር የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ከተደጋገመ ደግሞ የሚከፍተው ወኪል ብቻ ነው። ውስጡ ሴል የተቀየረለት ወይም ቅጂ የሆነ ባትሪ ያለበት ብስክሌትም ደህና እየሠራ ከሆነ አፕዴት ባይነካው ይሻላል። ትናንት የተቀበለውን ባትሪ ነገ አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ወደ ቀድሞው ሶፍትዌር መመለስም አይቻልም ማለት ይቀላል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ አፕዴቱ ራሱ አያስፈልግም። ሞተሩ እየቆረጠ የሚሄድ፣ ፍጥነት ዜሮ የሚያሳይ ብስክሌት «ሶፍትዌሩ ነው» ተብሎ ይጫናል። ቦሽ 503 ካለ የፍጥነት ሴንሰሩ ነው፦ የኋላ ጎማው ሽቦ ላይ ያለው ማግኔት በዋልካ ጭቃ ተገፍቶ ዞሯል። በሴንሰሩና በማግኔቱ መሐል ከ5 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ጭቃው ይጠረግ፣ ይጥበቅ። ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የአፕዴት ዋጋ መክፈል ያናድዳል።

ባፋንግ ላይ የሚያቃጥለው ኬብሉ ነው። እንደ ቢቢኤስ02 ያሉት የቆዩት ሞተሮች በዩኤስቢ ኬብልና በላፕቶፕ ይስተካከላሉ፤ ካን የሚባለው አዲሱ መገናኛ ያላቸው ግን ቤስት የተባለውን የወኪል መሣሪያ ይፈልጋሉ። የሁለቱ ሶኬት ስለሚመሳሰል ሳታረጋግጡ አትሰኩ። ኬብሉ ውስጥ ካሉት ሽቦዎች አንዱ የባትሪውን ሙሉ ቮልት ይዞ ይመጣል፤ በተሳሳተ ቅጂ ኬብል ላይ ያ ሽቦ ዩኤስቢውን ከነካ ላፕቶፑ ይሄዳል። በኬብሉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕም ቅጂ ልትሆን ትችላለች። ዊንዶውስ ኬብሉን አይቶ «ኮድ 10» ካለ ብዙውን ጊዜ ፕሮሊፊክ የተባለው ቺፕ አምራች ምርት ቅጂ ናት፤ ድራይቨሩ (ላፕቶፑን ከኬብሉ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልቀበልም ብሏል። ሌላው ቺፕ አምራች ኤፍቲዲአይም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ድራይቨር ቅጂ ቺፖችን ከጥቅም ውጭ አድርጎ ነበር። ከእነዚህ ቅጂዎች ይልቅ ሲኤች340 የሚል ርካሽ ግን ራሱን የማይደብቅ ቺፕ ያለበት ኬብል ይሻላል። ላፕቶፑ ባትሪው የሚይዝ ይሁን፤ እዚህ ላይ ነው መብራት መጥፋት እውነትም አደጋ የሚሆነው።

እንግዲህ ወኪል የሚያስፈልገው መቼ ነው? ፈርምዌሩ በመሐል ተቋርጦ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ሞተር ሲቀየር፣ አሮጌው ቦሽ ላይ። ሺማኖ ላይ የተቋረጠውን ለመመለስ ኤስኤም-ፒሲኢ02 የሚባል መሣሪያና የዊንዶውስ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ከ100 ዩሮ በላይ ስለሆነ ለአንድ ብስክሌት መግዛት ኪሳራ ነው። በአንድ ከተማ አምስት ስድስት ሺማኖ ካለ ግን ተዋጥቶ ቢገዛ ከሁለት ሦስት የአዲስ አበባ ጉዞ በኋላ ዋጋውን ይመልሳል።

ወኪል ዘንድ ስትሄዱ ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ፦ የዚህ ሞተር የምርመራ ፕሮግራምና ኬብል በእጃችሁ አለ? «ይምጣና እናየዋለን» የሚል መልስ ለ130 ኪሎ ሜትር አይበቃም። እዚያ ስትደርሱ ሥራው ሳይጀመር የፈርምዌሩን የስሪት ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሲያልቅም አንሱ። ቁጥሩ ካልተለወጠ አፕዴት አልተሠራም፤ የምትከፍሉትም የምርመራ እንጂ የአፕዴት አይደለም።

ያገለገለ ቦሽ ስማርት ሲስተም ለምትገዙ ደግሞ ገንዘብ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሥራ አለ። ፍሎው አፕን በራሳችሁ ስልክ ከፍታችሁ ብስክሌቱን ወደ አካውንታችሁ አስገቡት። ከቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልጠፋ አይገባም፤ አካውንታችሁ ውስጥ ያልገባ ብስክሌት ደግሞ እቤት አፕዴት አይደረግም። ሰውየው ጀርመን ይሁን ዱባይ፣ ስልኩን አንስቶ እስኪያጠፋው ድረስ ጠብቁ። «በኋላ ያጠፋዋል» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ቀብድም አትስጡ።