በሐዋሳ የጓሮ ድመት መላው ለጠፋባችሁ ሁሉ፦ የምስጋናና የጥቆማ መልእክት

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን ነው፤ ቀጥሎም እንደ እኛ ቤት ጓሮው ባለቤት በሌላቸው ድመቶች ተወርሮ መግቢያ መውጫው የጠፋበት የሐዋሳ ነዋሪ ካለ፣ ወደ ማን መሄድ እንዳለበት ለመጠቆም ነው። አመስጋኟ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናቴ፣ እህቴና በድመት ጩኸት ሌሊቱን ዓይናቸውን ሳይከድኑ ሲያነጉ የከረሙት ጎረቤቶቻችን ጭምር ናቸው። ባለሙያው ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ እዚህ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን እሱን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ቤታችን ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ይገኛል። አሞራ ገደልን የሚያውቅ ሰው፣ ቆሮሶና አምባዛ ሲበለት የሚጣለው ራስና አንጀት አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ብቻ እንደማይቀልብ ያውቃል። ከዚያ የጠገቡ ድመቶች መውለጃ ሲፈልጉ ወደ ሰው ጓሮ ይገባሉ፤ የእኛ ጓሮ ደግሞ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ አሮጌ ቆርቆሮና ማገዶ የተከመረበት፣ ዝናብ የማያገኘው ስፍራ ስላለው ከሁሉም የተመቻቸው ሳይሆን አልቀረም። ድመት የምታረግዘው ለሁለት ወር ያህል ብቻ ነው፤ ልጆቿን እያጠባችም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። በዚህ አኳኋን አንዲት እንግዳ ድመት መጥታ ሳናስበው ጓሮው የእነሱ፣ እኛ ደግሞ ተከራዮች ሆንን። የእናቴ ጫጩቶች እያለቁ ሄዱ፤ የሽንታቸው ሽታ ከዕቃ ቤቱ አልፎ እስከ ማብሰያ ቤት ደረሰ።

መፍትሔ ፍለጋ የደረሰብንን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። መጀመሪያ የጠራነው ሰው ተባይ አጠፋለሁ የሚል ነበር፤ ጓሮውን አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጎ አየና ሥጋ ገዝታችሁ አምጡ፣ መርዙን እኔ እለውስላችኋለሁ አለ። ዶሮዎች በሚጭሩበት፣ ሕፃናት በሚጫወቱበትና የጎረቤት ውሻ በሚመላለስበት ግቢ መርዝ ሊበትን ሲነሳ ትንሽ እንኳ አላመነታም። እናቴ «በግቢዬ ነፍስ በመርዝ አይጠፋም» ብላ ሸኘችው። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ግማሹን ክፍያ አስቀድመው ተቀብለው፣ በጆንያና በአሮጌ የዓሣ መረብ ድመቶቹን ግቢ ለግቢ ሲያሯሯጡ ዋሉ፤ አንዷ ስታመልጥ የእህቴን ልጅ ክንዱ ላይ ቧጭራውና ነክሳው ሄደች። ሰዎቹ «ምንም አይልም» ብለው ጆንያቸውን አንከርፍፈው ወጡ፤ ገንዘቡም በዚያው ቀረ። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል፤ ሌላው «ደብዳቤ ጽፈሽ ነይ» ይለኛል፤ ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ ጉዳዩ የእነሱ አለመሆኑ ይነገረኛል። በጆንያ አስሮ ከከተማ ወጣ አድርጎ መጣል ነው ብሎ የመከረኝም ነበር፤ የራስን መከራ በሌላ ሰው ጓሮ ማራገፍ ምክር ከተባለ ማለት ነው።

ዛሬ የማመሰግነውን ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያገኘነው የዶሮ መኖ በምንገዛበት ሱቅ በኩል ነው። ገና እንደገባ ድመቶቹ የት እንዳሉ ከመጠየቁ በፊት የእህቴን ልጅ ክንድ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ድመት መሆኗን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም እንደሚተላለፍ፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን አለ ለማለት እንደማይቻል፣ እንዲህ ያለ ቁስል ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ እንደነበረበት ነግሮን፣ ልጁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ካልሄደ ሥራውን እንደማይጀምር አስታወቀን። ልጁ ክትባቱን ጀመረ፤ ዛሬ ደህና ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ እግዜር ይስጠው።

የማጥመዱን ሥራ በተመለከተ እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ይዞት የመጣው ረዘም ያለ የሽቦ ሳጥን ነው፤ ድመቷ ገብታ ምን ስትረግጥ በሩ እንደሚዘጋ ደጋግሞ ቢያሳየኝም በትክክል አልገባኝም። የገባኝ ግን አለመቸኮሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች በሩን ከፍቶ አስሮ፣ ድመቶቹ ገብተው በልተው በሰላም እንዲወጡ አደረገ። ሳጥኑን ሲለምዱት ለአንድ ቀን ምግብ እንዳናቀምሳቸው አዝዞን ማሰሪያውን ፈታው። አንዷ ስትያዝ ወዲያው አሮጌ አንሶላ ጣል ያደርግበታል፤ ሽቦውን ስትገጭ የነበረችው ድመት ጨለማ ሲሆንባት ጸጥ ትላለች። ዱላ የለም፣ ሩጫ የለም፣ ጩኸት የለም።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ግራጫዋ የተያዘችበትን ምሽት ነው። የችግሩ ሁሉ እናት እሷ ናት ብለን እናምን ስለነበር ቤተሰቡ ደስታውን መቆጣጠር አቃተው። እሱ ግን የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ በባትሪ ሆዷን ተመለከተ፤ በጡቶቿ ዙሪያ ያለው ፀጉር ተመልጦ ቆዳዋ ቀልቷል። ወደ እናቴ ዞር ብሎ «እማዬ፣ ይቺ አራስ ናት፤ ልጆቿ ሳይገኙ ብወስዳት በረሃብ ያልቃሉ» አላት። እኛ ልጆቿን አይተንም ሰምተንም አናውቅም ነበር። ሌላው ሰው ቢሆን ሳጥኑን በባጃጅ ጭኖ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እሱ መብራት አስጠፍቶ፣ ሁላችንንም ወደ ቤት አስገብቶ፣ የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ማድመጥ ያዘ። እናቴ «አራስ» የሚለውን ቃል ከሰማች በኋላ አላስቻላትም፤ ገንፎ ይሠራላት ልትል ምንም አልቀራትም፤ ወተት አሙቃ ይዛ ወጣች። እሱም ሳይስቅባት፣ ወተት ለብዙ ትልልቅ ድመቶች ሆድ እንደማይስማማ በትሕትና አስረድቶ በውሃና በዓሣ አስለወጣት።

ምሽቱ ገፋ ሲል ከቆርቆሮው ክምር ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቆ ቆርቆሮውን እንዳይንኳኳ አንድ በአንድ እያነሳ ግልገሎቹን አወጣ፤ አንዷ ግን አምልጣ በአጥሩ መሠረት ሥር ወዳለ ጉድጓድ ገባች። እጁን ሰድዶ አልጎተታትም። እናቲቱን ከነሳጥኗ በሌላ ባዶ ወጥመድ ጀርባ አስጠግቶ፣ ሁለቱንም በአንድ አንሶላ ሸፍኖ፣ ግልገሏ ወደ እናቷ ለመድረስ በወጥመዱ ውስጥ ማለፍ እንዲኖርባት አደረገና እንደገና ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ። መያዟን የነገረን ሰፈሩ በሙሉ ከተኛ በኋላ ነው።

ትልልቆቹ በማደንዘዣ እንዳይወልዱ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከትበው፣ መታከማቸው ከሩቅ እንዲታወቅ የአንድ ጆሯቸው ጫፍ ተቆረጠ። ግልገሎቹ ምግብ መቅመስ የጀመሩ ስለነበሩና በዚያ ዕድሜ ሰው ከያዛቸው ስለሚለምዱ፣ እሱ ዘንድ ቆይተው ሰው ቤት ገቡ፤ አንዱ ዛሬ የወፍጮ ቤት አይጥ አባራሪ ሆኗል። ትልልቆቹን ግን መልሶ ወደ እኛ ጓሮ ሊያመጣ እንደሆነ ሲነግረኝ፣ እውነቱን ለመናገር ተቆጣሁ። ለዚህ ነው ወይ የከፈልኩት አልኩት። ምግብና መጠለያ ያለበት ስፍራ ባዶ እንደማይቀር፣ እነዚህ ቢሄዱ ከዓሣ ገበያው ሌሎች መጥተው እንደ አዲስ እንደሚወልዱ፣ እነዚህ ግን ከእንግዲህ እንደማይዋለዱና የሌሊቱ ጩኸትም እንደሚቀንስ ሳይሰለች አስረዳኝ። ያለውም ሆነ። የቆሻሻ በርሜሉን ክዳን አበጀንለት፤ የዶሮውን ቤት በሽቦ አጠርነው፤ ምክንያቱም ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳምና ጫጩት ስታይ ዓይኗ አሁንም ይቀላል። አይጥ ግን ከመኖው ጆንያ ጠፍቷል፤ እናቴም እንቅልፏን ትተኛለች።

ዋጋውን አስቀድሞ በግልጽ ነግሮን ከዚያ አንድ ብር አልጨመረም፤ ምንም ሳይያዝ በቀረባቸው ምሽቶች ከባጃጅ መሳፈሪያ በቀር አልተቀበለንም። እባካችሁ፣ ጓሮአችሁ እንደ እኛው የተወረረባችሁ ካላችሁ መርዝ አትበትኑ፤ ጆንያ ለያዘ ሁሉ ቀብድ አትስጡ፤ ይህን ልጅ ጥሩት። ደግሜ እላለሁ፣ እሱን ጥሩት። ከመምጣቱ በፊት ድመቶቹ በስንት ሰዓት ብቅ እንደሚሉና ማን ምግብ እንደሚጥልላቸው አጣርታችሁ ጠብቁት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ጎረቤቶቻችሁንም በዚያ ሰሞን ትርፍራፊ እንዳይጥሉ ንገሯቸው፤ የጠገበች ድመት ወደ ሳጥኑ ዞር ብላም አታይ።