በሳይነስ የኢንዶስኮፕ ቀዶ ሕክምና የደም መፍሰስን ለመመዘን የትኛው መለኪያ ይመረጣል?

በአፍንጫ በኩል በኢንዶስኮፕ (በቀጭን የውስጥ መመልከቻ) በሚደረግ የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ አጥንቶች ውስጥ ያሉ ክፍተቶች) ቀዶ ሕክምና ዋናው ችግር የደሙ ብዛት ሳይሆን ደሙ እይታን መጋረዱ ነው። የዓይን ጉድጓድና የራስ ቅል ወለል ከሥራው ቦታ የሚለዩት በስስ አጥንት ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት ደም እንኳ መንገድ የሚያመለክቱትን አካላት ከሸፈነ ከባድ ጉዳት ሊደርስ ይችላል።

በመምጠጫው ዕቃ ከተጠራቀመው ፈሳሽ ለማጠቢያ የገባውን ጨዋማ ውሃ መቀነስ፣ ታካሚው ያጣውን ደም ለመገመት ይረዳል። ነገር ግን ወደ ጉሮሮ የወረደውና በጋዝ (ደም መምጠጫ ስስ ጨርቅ) የተያዘው ደም ከስሌቱ ያመልጣል፤ እይታው መቼ እንደተበላሸም አይታወቅበትም። ለታካሚው ደኅንነት መመዝገብ ያለበት ቢሆንም፣ የእይታ መለኪያ ሆኖ ሊያገለግል አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የቀረበው የቦዛርት መለኪያ ከ0 እስከ 5 የሚሄድ ሲሆን፣ መመዘኛው የመምጠጥ አስፈላጊነት ነው። በደረጃ 2 አልፎ አልፎ መምጠጥ ይበቃል፤ በደረጃ 3 መምጠጫው ከተነሣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ፣ በደረጃ 4 ደግሞ ወዲያውኑ ደሙ እይታን ያሰጋል፤ በደረጃ 5 ደሙ ከመምጠጡ ስለሚፈጥን ሥራውን መቀጠል አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ቀላልነቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ አንድ ቁጥር ተናግሮ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ይግባባል። ድክመቱ ብዙ ሕሙማን በ2 እና በ3 ላይ መከማቸታቸው ነው፤ የመምጠጥ ልማድም ከሐኪም ሐኪም ይለያያል።

የወርማልድ መለኪያ ከ0 እስከ 10 ይደርሳል። ዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች ደም የሚያዥባቸውን ነጥቦች ይቆጥራሉ፤ ከ5 ጀምሮ ደግሞ የተከፈተው ስፊኖይድ ሳይነስ (ከአፍንጫ በስተኋላ በጥልቅ ያለው ክፍተት) በደም የሚሞላበት ጊዜ ይጨመራል፤ ይህም በደረጃ 5 ላይ 60 ሰከንድ ሲሆን በደረጃ 10 ከ10 ሰከንድ ያንሳል። በደም ሥር ብቻ የሚሰጥን ማደንዘዣ በትንፋሽ ከሚሰጠው ጋር ለማነጻጸር እንደሚደረገው ጥናት፣ ልዩነቱ ስውር በሚሆንበት ቦታ ይህን እመርጣለሁ። ስፊኖይድ በማይከፈትበት ውስን ቀዶ ሕክምና ግን የጊዜው ልኬት ስለማይገኝ ግማሽ ጥቅሙ ይቀራል።

ስለዚህ ለዕለት ሥራ ቦዛርት፣ ለምርምር ወርማልድ ይሻላል። ሁለቱም በተመልካች ዳኝነት ላይ ስለሚቆሙ፣ በምርምር ጊዜ የትኛው ማደንዘዣ እንደተሰጠ የማያውቅ ሌላ ሐኪም ከቪዲዮ ቢመዝን ይመረጣል፤ ደረጃውም በመጨረሻ አንድ ጊዜ ሳይሆን በእኩል የጊዜ ክፍተት፣ ከደም ግፊቱና ከልብ ምቱ ጋር አብሮ ይመዝገብ።