ቁንጮ ጤፍን ገዝቼ ጋገርኩት

ባለፈው ወር ቢሾፍቱ ካለ ዘመዴ ቁንጮ ከሚባለው የጤፍ ዝርያ ግማሽ ኩንታል አስመጣሁ። አበጥሬ አስፈጨሁትና ይኸው አራት ጊዜ አቡክቼ ጋገርኩ። በጣም ወድጄዋለሁ። ከማኛ ጎን ብታስቀምጡት ለመለየት ያስቸግራል። ዱቄቱ ውኃ ያነሳል፣ በሦስተኛው ቀን አብሲት ጥዬ ስጋግረው ዓይኑ ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል፣ እንጀራው አድሮም ሲጠቀለል አይሰነጠቅም።

የምወደው ግን ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፣ አመጣጡም ደስ ይለኛል። የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ናት፣ የምትከፈተውም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ ነው። የጤፍ ተመራማሪው ዶ/ር ታረቀ በርሄ ይህን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እስኪደርሱበት ድረስ ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። በኋላ የደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ግብርና ምርምር ማዕከል ዱከም የሚባል ብዙ ምርት የሚሰጥ ዝርያ አወጣ። ገበሬው ግን እምብዛም አልያዘውም፣ ምክንያቱም እንደ ማኛ አይነጣም፣ ገበያ ላይ ደግሞ ዋጋ የሚያወጣው ንጣት ነው። ተመራማሪዎቹ ገበሬውን ሰሙት! ዱከምን ከማኛ ጋር አዳቀሉ፣ በምርጫውም ገበሬዎችን አሳተፉ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ቁንጮ ወጣ። ስሙም ልክ ነው፣ አናት ላይ የሚቀመጥ ማለት ነው።

ዘሩ ማዕከሉ ውስጥ ቢቀር ኖሮ እኔም ባልጋገርኩት። አንዱ ገበሬ ዘር በብድር ይወስዳል፣ ሲያመርት በዘር ይመልሳል፣ የተመለሰው ደግሞ ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ የግብርና ባለሙያዎች፣ ማኅበራትና ዘር አባዦችም ተረባርበውበታል። እንዲህ ተያይዘው ባይሠሩ የአድአው (የቢሾፍቱ ዙሪያው) ጤፍ በየሰፈሩ አይደርስም ነበር።

ጉድለት አለው። አገዳው ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ዝናብና ንፋስ ሲበረታበት ይጋሸባል፣ ይህ የጤፍ ሁሉ ችግር ቢሆንም ቁንጮም አላመለጠም። ለእኛ ለገዢዎች ደግሞ የሚያሰጋው በስሙ መነገዱ ነው። አምና አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ «ቁንጮ ነው» ተብዬ የገዛሁት ሁለት ሦስት ዓይነት ጤፍ የተቀላቀለበት፣ አሸዋም ያለበት ነበር፤ እንጀራው ጥርስ ስር ሲንኮሻኮሽ አንድ ወር ሙሉ በላን። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከጆንያው ስር እፍኝ አውጥታችሁ መዳፋችሁ ላይ እዩት። ስታቦኩት ደግሞ ከለመዳችሁት ውኃ ትንሽ ጨመር አድርጉ።