ያሪስ ከ14 ወር በኋላ፦ መኪናዬን ያወቅኳት መንገድ ዳር ቆማ ነው

ቶዮታ ያሪሷን የገዛሁት ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። በፈረንጅ 2008 የተሠራች፣ ከአውሮፓ የመጣች፣ ባለ 1 ሊትር ሞተርና ባለ 5 ማርሽ ማንዋል ናት። ስገዛት 140 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር፤ እኔ 12 ሺህ ጨምሬባታለሁ። አብዛኛው ከአያት አራት ኪሎ ምልልስ ነው። በወር ሁለቴ ደግሞ እናቴን ልንጠይቅ ቢሾፍቱ እንወርዳለን።

ነዳጅና ምቾቷን ቶሎ ብዬ ልለፍ። በከተማ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። አራት ሰው በደንብ ትይዛለች። ዝቅ ያለች ስለሆነች ጉድጓድ የበዛበት ሰፈር ውስጥ በዝግታ ነው የምትነዳው። ዳገት ላይ ደግሞ ትዕግሥት ትፈልጋለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሰው ከሞላ ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት ነው። ይህን አውቆ ለሚገዛት ጥሩ የከተማ መኪና ናት።

ብዙ መጻፍ የምፈልገው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። መኪና ስንገዛ ሁላችንም ሞተሩን እናዳምጣለን፣ ቀለሙን እናያለን። መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም ምን እንደምናደርግ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። በ14 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ሦስቱም ጊዜ የሚያስፈልገኝን ነገር የተማርኩት እዚያው ቆሜ ነው።

የመጀመሪያው ኅዳር ላይ ነበር። የዚህች መኪና ዳሽቦርድ መሐል ላይ ነው የተቀመጠው። የሙቀት ሰዓት የሚባል ነገር የላትም። በምትኩ ሁለት መብራት አለ። ሞተሩ ገና ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ ይበራል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ከመጠን በላይ ከጋለ ቀይ ይበራል። የረጅም መብራት ምልክትም ሰማያዊ ስለሆነ ሁለቱን ለመለየት ጊዜ ወስዶብኛል። ያሪስ የምትገዙ ሰዎች፣ ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ የትኛው ሰማያዊ የቱ እንደሆነ ያን ቀን ለዩ።

ቀዩ የበራው ሲኤምሲ አካባቢ መኪና ተጨናንቆ በቆምንበት ነው። ከሳምንት በፊት አንድ ጋራዥ የራዲያተሩን ቱቦ ቀይሮልኝ ነበር። የቱቦው ማሰሪያ በደንብ አልጠበቀም፤ ውሃው እየተንጠባጠበ አልቋል። ኤሲውን አጠፋሁ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ንፋሱን አበዛሁት። በጠራራ ፀሐይ ማሞቂያ መክፈት እብደት ይመስላል፤ ግን የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጥግ እስክትይዙ ያለውን ደቂቃ ይሰጣችኋል። ጥግ ያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

ያን ጊዜ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ልጅ በደግነት ውሃ በጠርሙስ ይዞ መጣ፤ «ክዳኑን ክፈተውና ጨምርበት» አለኝ። እጄን ልሰድ ስል አንድ አዛውንት ታክሲ ነጂ «ተው ልጄ፣ ፊትህን ይልጥሃል» ብለው አስቆሙኝ። ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 አይደርስም። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን ስለያዘው ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ ውሃው በሙሉ አንድ ጊዜ ይፈላና ወደ ከፋቹ ፊት ይፈነዳል። ስለዚህ 45 ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ክዳኑን ትንሽ አዙሬ ትንፋሹ እስኪወጣ ቆየሁ። ውሃውንም ቀስ እያልኩ ነው የጨመርኩት፤ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከፈሰሰ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል። አሁን የምጠቀመው ኩላንት፣ ማለትም ለራዲያተር የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው። ተራ ውሃ ራዲያተሩን በዝገት ይበላዋል፤ የሚፈላውም ቀድሞ ነው።

ሁለተኛው ከሁሉም የከበደኝ ነው። ጥር ላይ፣ እሁድ ከሰዓት፣ እናቴንና የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ከቢሾፍቱ በፈጣን መንገዱ እየተመለስኩ ነበር። በ2014 ፈረንጅ የተከፈተውን የአዲስ–አዳማን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የተፈቀደው 120 ነው፤ መኪናው ሁሉ ይበራል። እኔ 100 ላይ ነበርኩ። የመኪናዋ ኋላ መወዛወዝ ጀመረ። ከዚያ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። የግራ የኋላ ጎማ ፈንድቷል።

እግሬ ወደ ፍሬን ሊሄድ ነበር፤ ከለከልኩት። ጎማ በፈነዳበት ሰዓት ፍሬን መርገጥ መኪናዋን ያሽከረክራታል። መሪውን በሁለት እጄ ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ ነዳጁን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፤ ሁለቱንም ፍሬቻ አበራሁ፤ ራሷ እየቀዘቀዘች ስትመጣ ወደ ቀኝ ወደ ድንገተኛ መቆሚያው ወሰድኳት። ያም ሆኖ የፈነዳው ጎማ በግራ በኩል ነው። ልቀይር ብንበረከክ ጀርባዬ ለጭነት መኪኖች ነው። ስለዚህ በባዶ ጎማ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ 300 ሜትር ያህል ሄድኩ፤ ሰፋ ያለ ቦታ እስካገኝ። ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ብረት) ተጎድቷል። ይጎዳ። ቸርኬ ይገዛል።

እናቴ «ፀሐይ ነው፣ እኔ እዚሁ ልቀመጥ» አለችኝ። እሺ አላልኳትም። ሁለቱንም በቀኝ በር አወጣሁና ከብረት አጥሩ ማዶ አቆምኳቸው። የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ የሚያስተማምን ይመስላል፤ አያስተማምንም። በ120 የሚመጣ መኪና በሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑን 30 ሜትር ላይ ብታስቀምጡት ለሚመጣው ሰው የሰጣችሁት አንድ ሰከንድ ነው። ስለዚህ እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየሁ፣ 150 እርምጃ ቆጥሬ ነው ያስቀመጥኩት።

ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ረዳቱ ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚገባ ሽብልቅ) ይዞ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ክሪክ ከማንሳትዎ በፊት ታኮ ያስገቡ» አለኝና ራሱ የፊት የቀኝ ጎማ ሥር አስገባው። የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቻለሁ። ቡሎኖቹን መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ግማሽ ዙር ፈታናቸው፤ ከተነሳች በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራል፣ መኪናዋም ከክሪኩ ልትወርድ ትችላለች። ያሪስ ላይ ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ቁርጦች ታገኛላችሁ፣ በመሐላቸው ነው። ሌላ ቦታ ላይ ከገባ ቆርቆሮውን ይጨመድደዋል።

ትርፍ ጎማውን ሳወጣ ነው የደነገጥኩት። ከኋላ ወለሉ ሥር ነው ያለው። ከገዛኋት ጀምሮ አይቼው አላውቅም ነበር። ቀጭኑ ዓይነት ነው፤ ጎኑ ላይ ከ80 በላይ እንዳይነዳበትና 60 ፒኤስአይ ንፋስ እንዲሞላ ተጽፎበታል። በእጅ ሲጫኑት ግን ለስላሳ ነበር። ረዳቱ ከጭነት መኪናው የአየር ታንክ በቱቦ ሞላልኝ። እነሱ ባይኖሩ እዚያ ስንት ሰዓት እንቆም ነበር? ገንዘብ ልሰጠው ስል አልቀበልም አለ። በ70 እየነዳሁ ቱሉ ዲምቱ ደረስን።

ጎሚስታው የፈነዳውን ጎማ አገላብጦ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አሳየኝ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 2312 ይላሉ። የ2012 ፈረንጅ 23ኛ ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ገና ነበር፤ ላስቲኩ ግን አርጅቶ ውስጡ ተሰነጣጥቋል። ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ያን ቁጥር አንብቡ። የቤተሰቤ ሕይወት በእሱ ላይ ነበር።

ሦስተኛው ቀላል ነበር። የውስጥ መብራት በርቶ አድሮ ባትሪ ሞተ። ማንዋል ስለሆነች ጎረቤቶች ገፍተውልኝ በሁለተኛ ማርሽ ተነሳች። በባትሪ ገመድ ከሌላ መኪና ባትሪ ኃይል ስትወስዱ ግን የመጨረሻውን የኔጌቲቭ ገመድ በሞተው ባትሪ ላይ አታድርጉት፤ ሞተሩ ላይ ባለ ባዶ ብረት ላይ ይሁን። ባትሪ የሚለቀው ጋዝ በብልጭታ ይቀጣጠላል።

ክረምቱን ሁለት ጊዜ አብረን አልፈናል። ነሐሴ ላይ ለሥራ ሱሉልታ ስመላለስ እንጦጦ ጫፍ ላይ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። እዚያ ረጅም መብራት አይበራም፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ዓይን ይወጋል። አጭር መብራትና የጉም መብራት ነው። መስታወቱ ከውስጥ ሲያላብ ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብሬ አበራዋለሁ፤ ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቀው በአንድ ደቂቃ ይጠራል። ብዙ ሰው ኤሲ ለሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ወደ ድል በር ስወርድ ደግሞ ማርሽ ውስጥ ሆኜ ነው፣ በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ (ማርሽ አውጥተው)፣ አንዳንዴም ሞተር አጥፍተው የሚወርዱ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንዱ ዝናብ ሲዘንብ ሁለቱን ፍሬቻ አብርቶ መንዳት ነው። ያ መብራት «ቆሜያለሁ» ማለት ነው። አብርታችሁ ስትሄዱ ወደ የት እንደምትታጠፉ ከኋላ ያለው ሰው አያውቅም። ሌላው ድንጋይና ቅጠል ነው። መኪና ሲበላሽ ከኋላ ቅጠል መጣል የቆየ ልማድ ነው፤ ሦስት ማዕዘን የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ግን ስትነሱ ድንጋዩን አንሱት። ማታ ያ ድንጋይ ሌላ ሰው ይገለብጣል።

አሁን ከኋላ የማይወርዱ ዕቃዎች አሉኝ፦ ሦስት ማዕዘን፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ከእንጨት ያሠራሁት ታኮ፣ የባትሪ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ 5 ሊትር ውሃ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ። የፀሐይ መከላከያው ጀርባ ላይ ሦስት የአዲስ አበባ ቁጥሮች ለጥፌያለሁ፦ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ባለቤቴም ትነዳለች። አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ጎማ መቀየር አብረን ተለማመድን። የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ፈጀ። አሁን እሷ ብቻዋን በ15 ደቂቃ ትጨርሳለች።

ያሪሷን ለጊዜው አልሸጣትም። የፊት ሁለቱ ጎማዎች 3516 ይላሉ፤ ቦሎ ከመድረሱ በፊት ይቀየራሉ። እናቴም አሁን ከመግባቷ በፊት «ትርፍ ጎማው ንፋስ አለው?» ብላ ትጠይቀኛለች። አለው፤ ባለፈው ቅዳሜ ለክቼዋለሁ።