ከደሴ ሰኞ ገበያ የገዛሁት ጀበናና ምጣድ

ሰኞ ገበያ አካባቢ ሦስት ሴቶች በጋራ የከፈቷት ትንሽ የሸክላ ሱቅ አለች። ባለፈው ወር ጀበናና ምጣድ ገዛሁባት።

የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ዕቃ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ በጣቴ ኳ ኳ አደርገዋለሁ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። ጀበናው ፈተናውን አልፏል። በቡና አተላ ሁለት ቀን አሟሸሁት፣ በሦስተኛው አቦል አፈላሁበት። አያፈስም፣ አፈር አፈር አይልም። 300 ብር ከፍያለሁ፣ ይገባዋል።

ምጣዱ ግን ጎመን ዘር እያሰስኩ ሳሟሸው ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አወጣ። ይዤው ተመለስኩ። የሠራችው ሴት ራሷ ተቀበለችኝ። ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችውና "ገል አንሶታል" አለች። ሸክላ እሳት እንዲችል ስባሪ ገል ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ከጭቃው ጋር ይቦካል። "አብሽሪ እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ብላ ያለ ክርክር ቀየረችልኝ። ሁለተኛው እስካሁን እንጀራውን ሳይዝ እያወጣልኝ ነው።

እናቴ እንዲህ ፊት ለፊት ቆማ ሸጣ አታውቅም። ጀበናዋ ጓዳ ይገባል፣ እሷ ደጅ ቆማ ሒሳቧን ትጠብቃለች። ቡና ከሰጧትም ጠርዙ በተሸረፈ ሲኒ ነው። ያ ሲኒ ለብቻው ይቀመጣል። "ቡዳ ናት" ብለው ልጆቻቸውን ሲሸሽጉ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ሸክላ ተሸክመን በአይጠየፍ በኩል ስናልፍ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። "ማንንም የማይንቅ" አለችኝ። "እኛንም?" አልኳት። ዝም ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ባለእጅን በሙያው መስደብን አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን እኔም ዘንድ ደርሷል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የበለጠ ጠቅሞናል፤ ርስት ያልነበረው አባቴ መጀመሪያ የራሱን ማሳ ያረሰው ያኔ ነው። እኛ ልጆቹም ተማርን። እኔ መምህር ነኝ፣ ወንድሜ መሐንዲስ። ወንድሜ ሽማግሌ የላከ ዕለት ግን የልጅቷ ወገን ዘር ቆጠረ። የእናታችን ሙያ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ቡናው ሳይፈላ ተመለሱ። ያ ቀን ዛሬም ያመኛል። ገንዘብም ትምህርትም ብዙ በር ከፍተውልናል፤ የጋብቻው በር ግን ገና ነው።

ለዚህ ነው እዚህች ሱቅ ውስጥ ያየሁት ከልቤ ያልወጣው። ጥግ ላይ ረከቦት አለ፣ ገዢም ሠሪም ዱካ ስቦ ይቀመጣል። ምጣዱን የቀየረችልኝ ሴት ጠጥታ ሲኒዋን መለሰች። አጠገቧ የነበረች፣ ድስት ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ያንኑ ሲኒ አንስታ ለቅለቅ አደረገችና ቶናውን አስቀዳችበት። ጠጣች። ወሬዋንም አላቋረጠችም። እኔ ዓይኔን ሲኒው ላይ ተክዬ ቀረሁ።

ቅሬታም አለኝ። የዕቃ መጠቅለያ የላቸውም። ኮምቦልቻ የምትወስዱት ከሆነ ገለባና ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ ለሸክላ አይሆንም። ምጣድ ደግሞ ቶሎ ያልቃል፣ በጠዋት ድረሱ።

ጀበናውን ለእናቴ አሳየኋት። አንኳኳችው፣ ገልብጣ ታቹን ዳሰሰችው።

"እጇ ጥሩ ነው። የት ነው ያለችው?" አለችኝ።

ሰኞ እወስዳታለሁ።